ዲፒኤፍ ተደፈነ ተብሎ አይቆረጥም፦ ስለ ጭስ ፊልትሮ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ባለመኪናዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው የናፍጣ መኪና የጭስ ፊልትሮ፣ ማለትም ዲፒኤፍ፣ ሲደፈን ምን ይደረግ ስለሚለው ነው። የጸሐፊው ምክር ሲጨመቅ የሚከተለው ነው፦ መብራቱ ከበራ ፊልትሮው አልቆለታል፤ ቆሞ ነዳጅ መርገጥ ወይም ናፍጣው ላይ ቤንዚን ቀላቅሎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎ ዳገት መውጣት ይሞከር፤ ካልሆነ ፊልትሮው ወልቆ ላቫጆ ላይ በግፊት ውሃ ይታጠብ፤ ዘይት የትኛውም ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን አስቆርጦ በባዶ ቱቦ መተካት ነው። ጽሑፉ በቅንነት እንደተጻፈ ያስታውቃል፤ እውነትም አለበት። ሆኖም እንዳለ የተከተለው ሰው በአንድ የጎማ ቱቦ ዋጋ የሚያልቀውን ብልሽት ሞተር እስከ ማውረድ ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መልስ ያስፈልገዋል።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባታችን በፊት ጽሑፉ የዘለለውን እናንሳ። ብዙ የናፍጣ መኪና ዲፒኤፍ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ያላቸው የቶዮታ ሃያስና ሃይሉክስ መኪኖች ጥቁር ጭስ ቢያወጡ ወይም ጉልበት ቢያጡ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው የሚፈለገው። ጉዳዩ የሚመለከተው በአብዛኛው ኮመን ሬል ሞተር (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ጨምቆ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ) ያላቸውን፣ በተለይ ለአውሮፓና ለኮሪያ ገበያ ተሠርተው ወደ አገራችን የገቡትን ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፤ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ካለው ጣሳ መሳይ ብረት ሁለት፣ አንዳንዴ አንድ፣ ቀጭን የብረት ቱቦ ወጥቶ በጎማ ቱቦ ግፊት ወደሚለካ ትንሽ ሴንሰር የሚሄድ ከሆነ ዲፒኤፍ አለ። እንዲህ ያለ ቱቦ ከሌለው ያ ጣሳ ካታላይዘር ወይም ማርሚታ ብቻ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይጣራ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ፦ መብራቱ ከበራ ፊልትሮው አልቋል፣ አዲስ ይገዛ የሚለው።

ፊልትሮው በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ያሉት ሴራሚክ ነው። መተላለፊያዎቹ አንዱ ከፊት፣ ጎረቤቱ ከኋላ እየተደፈኑ የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ጭሱ ግድግዳውን ሰርጎ ካልሆነ አያልፍም። ጋዙ ሲያልፍ ጥቀርሻው ይቀራል። ጥቀርሻው ሲጠራቀም የሞተሩ ኮምፒውተር ተጨማሪ ናፍጣ ዘግየት አድርጎ በመርጨት የፊልትሮውን ሙቀት ከ550 እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሰዋል፤ ጥቀርሻውም ተቃጥሎ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ይህ እንደ መኪናውና እንደ አነዳዱ በየ300 እስከ 800 ኪሎ ሜትሩ ይደጋገማል፤ አንዱ ዙር ከ10 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። አመድ ግን ከጥቀርሻ የተለየ ነው። የሚመጣው ሞተር ዘይት ውስጥ ካሉት የካልሲየም፣ የማግኒዚየምና የዚንክ ቅመሞች ነው፤ ከሰል ነድዶ ሲያልቅ ምድጃው ላይ እንደሚቀረው አመድ ሁለተኛ አይነድም። ብዙ ፊልትሮዎች በአመድ የሚሞሉት ከ120 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከተነዱ በኋላ ነው።

የፊልትሮው መብራት ሲበራ ብዙውን ጊዜ የሚነግረን ጥቀርሻው ከልክ እንዳለፈና ማቃጠሉ ተጀምሮ እየተቋረጠ መሆኑን ነው። በደሴ ይህ መብዛቱ አያስገርምም። ከፒያሳ ሰኞ ገበያ፣ ከሰኞ ገበያ ሆጤ እየተባለ በቀዝቃዛ ጠዋት የሚሠራ መኪና ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ማቃጠል የሚጀምረው የሞተሩ ውሃ 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ የነዳጅ ማስጠንቀቂያው ሳይበራና ሌላ የብልሽት ኮድ ሳይኖር ነው። እዚህ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው፣ እኛ ግን ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ነገር አለ፦ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚይዘው ክዳን፣ አለ ወይ? ሞተር እንዳይግል ተብሎ ቴርሞስታት የወጣለት መኪና በደሴ ብርድ ከተማ ውስጥ ሲዞር ቢውል 70 ዲግሪ ላይደርስ ይችላል። ያ መኪና አዲስ ፊልትሮ ቢገጠምለት አዲሱንም ይደፍነዋል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል። ጤነኛ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ይህን ያካክሳል። ነገር ግን የኢንተርኩለር (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ቱቦ ትንሽ ከተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው ከላላ፣ ጅቡቲ ላይ የማይታወቅ ጉድለት እዚህ ጥቁር ጭስ ይሆናል። ቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ የዘይት ወዝ ካለ እዚያ ነው የሚፈተሸው።

ስለዚህ መብራት ሲበራ የመጀመሪያው ሥራ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክቶ የብልሽት ኮዱን ማንበብ ነው። ፒ2463 ጥቀርሻ መብዛቱን፣ ፒ242ኤፍ አመድ መብዛቱን፣ ከፒ2452 እስከ ፒ2455 ያሉት የግፊት ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን ያመለክታሉ። ፒ0401 (ኢጂአር፣ ማለትም ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል) ወይም ፒ0299 (የቱርቦ ግፊት ማነስ) አብሮ ካለ መጀመሪያ የሚጠገነው እሱ ነው፤ ጥቀርሻው የሚመረተው እዚያ ነውና። ቀጥሎ ወደ ሴንሰሩ የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎች ይታዩ። ከሙቀቱ ብዛት ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ውሃና ጥቀርሻ ይዘጋቸዋል። ቱቦዎቹን ከሴንሰሩ ነቅሎ ወደ ፊልትሮው አቅጣጫ በቀስታ አየር መንፋት ነው፤ ሴንሰሩ ውስጥ አየር መንፋት ግን ውስጡን ያበላሸዋል። ሁለቱ ቱቦዎች ተገልብጠው ከተሰኩ ንባቡ ከዜሮ በታች ስለሚሆን ከመንቀል በፊት ምልክት ይደረግባቸው።

ከዚያ ቁጥሩ ይነበብ። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ብቻ ሲከፈት ሴንሰሩ የሚያሳየው በፊልትሮው መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ጤነኛ ፊልትሮ ላይ ከ2 ኪሎ ፓስካል (20 ሚሊባር) አያልፍም፤ በአብዛኛው ከ1 በታች ነው። ቆሞ ወደ 3,000 ዙር ሲደርስ 10 ኪሎ ፓስካል ካለፈ በእርግጥም ተጨናንቋል። ትክክለኛው ገደብ እንደ መኪናው ይለያያል፤ ሆኖም ይህን ያህል ለመለየት ይበቃል። አንድ ተጨማሪ ፍንጭ፦ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው የጥቀርሻ ግራም ትንሽ ሆኖ፣ ማቃጠልም በቅርቡ ተጠናቆ፣ ግፊቱ ግን ከፍ እንዳለ ከቀረ የሞላው አመድ ነው። ያኔ ነዳጅ መርገጥም መንገድ መውጣትም ምንም አይፈይድም።

ጸሐፊው ቆሞ ነዳጅ መርገጥን ይመክራሉ። ጭነት የሌለበት ሞተር ቢጮህም ጭሱ በራሱ 550 ዲግሪ አይደርስም፤ ሌላ ጥቀርሻ እየተጨመረበት ናፍጣ ይባክናል። ቆሞ ማቃጠል የሚቻለው በስካነር ትእዛዝ ብቻ ነው። ዙሩን ከፍ የሚያደርገውም ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ ሥራው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ ይሙቅ፣ ታንከሩ ቢያንስ ሩብ ይኑረው፣ የዘይቱ ልክ ከላይኛው ምልክት ያላለፈ ይሁን፣ የዘይትም የናፍጣም መንጠባጠብ አለመኖሩ ይታይ። መኪናው ባዶ መሬት ላይ፣ ከጭድ፣ ከደረቅ ሣርና ከሌላ መኪና ርቆ ይቁም፤ በዝግ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አይደረግም። የእሳት ማጥፊያም ቅርብ ይሁን። ስካነሩን የያዘው ሰው የፊልትሮውን ሙቀት ከስካነሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ይከታተል፤ ከ700 ዲግሪ አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ያቁመው። የጥቀርሻው መጠን ከ40 እስከ 45 ግራም ከደረሰ ብዙ አምራቾች በመኪናው ላይ እንዳለ ማቃጠልን ይከለክላሉ፤ ይህን ያህል ጥቀርሻ ባንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ አልፎ ሴራሚኩን ይሰነጥቀዋል።

ሐረጎን መውጣት የሚለው ምክር ግማሹ ትክክል ነው። ዳገት ሞተሩን ስለሚያስጨንቀው ጭሱ ይግላል። ችግሩ መንገዱ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ በ1ኛና በ2ኛ ማርሽ መጎተት አለ። ማቃጠሉ ሲጀምር ደግሞ ደሴ ከተማ ተገብቶ ሞተር ይጠፋል። በተቃራኒው ሐረጎን ወደ ታች በማርሽ እየያዙ ሲወርዱ ናፍጣ ስለሚቋረጥ ፊልትሮው ይቀዘቅዛል። የሚሻለው ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ መሄድ ነው። ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር በሚሰጥ ማርሽ፣ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር፣ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ያህል ሳይቆሙ መንዳት። የቦርከና ሸለቆ ከብት የሚነዳበት፣ ግመል የሚሻገርበት ነውና ፍጥነቱ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ፊልትሮው የሚፈልገው የማይቆራረጥ ሙቀት ነው። መንደር ሲደርሱ ቀስ ማለት ምንም አይጎዳም። ማቃጠሉ መጀመሩ የሚታወቀው ሚኒሞው ከ800 ወደ 1,000 ዙር አካባቢ ሲያድግ፣ ፋኑ ሳይጠበቅ ሲነሳ፣ የጋለ ብረት ሽታ ሲመጣና ፍጆታው ሲጨምር ነው። ያኔ ሞተር አይጠፋም። ጉልበት ቀንሶ የሞተር መብራትም አብሮ ከበራ ግን የመንገዱ ጊዜ አልፏል፤ በቀጥታ ወደ ስካነር ነው።

ናፍጣ ላይ ቤንዚን መቀላቀል የሚለው ከሁሉም አደገኛው ነው፤ እዚህ ላይ መለሳለስ አይገባም። የኮመን ሬል ፖምፓ ሌላ ዘይት የለውም፤ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ከ1,600 ባር በላይ የሚጨምቅ ፖምፓ ናፍጣው በቤንዚን ሲቀጥንበት ብረት ከብረት ይፋጫል፤ የብረት ብናኙ በቧንቧው አልፎ ኢንጀክተሮቹን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ፖምፓ፣ ሬል፣ ኢንጀክተርና ታንከር አንድ ላይ ነው የሚታጠቡት ወይም የሚቀየሩት። ነጭ ጋዝም ማለስለሱ ከናፍጣ ያንሳል። የተባለው ሙቀትም ቢሆን አይገኝም፤ ቤንዚን በናፍጣ ሞተር ውስጥ ዘግይቶ ስለሚቀጣጠል አቃጣጠሉን ያዛባል። ናፍጣ የሸጠ ሰው ቀላቅሎ ይሆናል ተብሎ ከተጠረጠረ ደግሞ መፍትሔው ታንከሩን አራግፎ የናፍጣ ፊልትሮ መቀየር ነው። ለዲፒኤፍ ተብለው በጠርሙስ የሚሸጡት ተጨማሪዎች ጥቀርሻው በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ሊያግዙ ይችላሉ፤ አመድን ግን አያወጡም።

ስለ ላቫጆው። ፊልትሮው መታጠብ መቻሉ እውነት ነው፤ የአስተጣጠቡ ነገር ነው ስህተቱ። የላቫጆ ግፊት ውሃ የሴራሚኩን ቅብ ይልጣል፤ በመግቢያው በኩል ሲረጭ ደግሞ አመዱን ወደ ተደፈነው ጥግ ጠቅጥቆ ያጣብቀዋል። በውሃው ፋንታ ሌላ ነገር ቢሞከርም አይሆንም፦ የባትሪ አሲድ ብረቱንም ቅቡንም ይበላል። ኮስቲክ ሶዳ የአሉሚናውን ቅብ ያሟሟል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ጨው ትቶ ስለሚደርቅ በራሱ አመድ ይሆናል። በአግባቡ የሚሠራው እንዲህ ነው፦

መኪናው ቀዝቅዞ የሙቀትና የግፊት ሴንሰሮቹ ይወለቁ። ቡሎኖቹ ዝገው ስለሚሰበሩ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ከዋዜማው ይረጭባቸው። ፊልትሮው ሲወጣ መውጫው ይታይ፤ ንጹሕ ግራጫ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ጥቁር ጥቀርሻ ካለበት ውስጡ ተሰንጥቋልና ማጠቡ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ በሚዛን ተመዝኖ ኪሎው ይጻፍ። ለዲፒኤፍ የተሠራ ማጠቢያ ፈሳሽ ተሞልቶ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይደር። ከዚያ በዝቅተኛ ግፊት፣ በተራ የአትክልት ጎማ፣ ከመውጫው ወደ መግቢያው ውሃ እየተለቀቀ ጠርቶ እስኪወጣ ይታጠብ። መጨረሻ ላይ ጥቂት ሊትር የተጣራ ውሃ (ባትሪ ላይ የሚጨመረው) ቢፈስበት ጨው አይቀርም። አቅጣጫው ሳይቀየር በኮምፕሬሰር አየር ከራቅ ብሎ ይነፋ፤ ቀጥሎ በሞቃት አየር እስኪደርቅ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ይቆይ። እርጥቡ ከተገጠመና ወዲያው ማቃጠል ከተጀመረ ውሃው ተንኖ ሴራሚኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ሲደርቅ እንደገና ይመዘን፤ ልዩነቱ በግራም ካልታየ አመዱ አልወጣም ማለት ነው። ሲገጠም ጋስኬቱ አዲስ ይሁን። መጨረሻ ላይ በስካነር የአመድ ቆጣሪው ይስተካከል፤ ይህ ካልተደረገ ኮምፒውተሩ አሁንም የሞላ ይመስለዋል። የሚወጣው ጥቁር ውሃ ብረት ነክ አመድ ስላለበት በበርሜል ተይዞ ይዝቀጥ እንጂ ወደ ቦርከና ወንዝ ወይም ወደ ከተማው ቦይ አይለቀቅ። ታች ሰው ከብት ያጠጣበታል፣ አትክልት ያለማበታል።

ዘይት ለውጥ የለውም የሚለው አባባል ፊልትሮውን ቀስ ብሎ የሚገድል ነው። ለከባድ መኪና የሚሸጠው 15ደብሊው-40 ዘይት በብዛት ከ1 በመቶ በላይ አመድ ይተዋል። ዲፒኤፍ ላለው የቤት መኪና የሚፈለገው ጣሳው ላይ ሲ3 የሚል ምልክት ያለው (አመዱ ከ0.8 በመቶ የማይበልጥ) ወይም የጃፓን መኪኖች መመሪያ የሚጠይቀው ዲኤል-1 (0.6 በመቶ) ነው። ሲ1 ወይም ሲ4 የሚጠይቅ መኪና ካለ ገደቡ 0.5 ነው፤ ሲ3 አይበቃውም። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚሠራ መኪና ዘይቱን በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀይር። ምክንያቱም ማቃጠሉ በተቋረጠ ቁጥር የተረጨው ትርፍ ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የዘይት መለኪያው ከላይኛው ምልክት ካለፈና ሽታው ናፍጣ ናፍጣ ካለ ዘይቱ ቀጥኗል፤ ለቱርቦና ለብሮንዝ አደጋ ነውና ሳይውል ሳያድር ይቀየር። ጸሐፊው ዘይት አለመጉደሉን እንደ መልካም ምልክት መቁጠራቸው እዚህ ላይ ነው ሰውን የሚያሳስተው።

የቀረው ማስቆረጡ ነው። ጸሐፊው ፊልትሮው ለቀዝቃዛው አውሮፓ የተሠራ ስለሆነ ለእኛ አያስፈልግም ይላሉ። የብርድ ጉዳይ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. በፔጆ 607 ላይ ተገጥሞ ለገበያ የወጣውም ሆነ የዩሮ 5 ደንብ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተግባር ግዴታ ያደረገው ሰው በሚተነፍሰው ጥቀርሻ ምክንያት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ጤነኛ ፊልትሮ ከጥቀርሻው ከ95 በመቶ በላይ ያስቀራል። ደሴ በጦሳ ተራራ እግር ሥር ያለች፣ መንገዷ ዳገት የሆነ ከተማ ናት፤ ዳገቱ ላይ ነዳጅ ሲረገጥ የሚወጣውን ጭስ የሚስበው ከኋላ በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት የሚወጣው ልጅ ነው። ይህ ብቻ እንኳ ለመተው በቂ ነበር።

በቴክኒኩም ቢሆን ብረቱን በብየዳ መቁረጥ ነገሩን አይጨርሰውም። ኮምፒውተሩ የግፊት ልዩነት ሲያጣ ፒ2002 ወይም ፒ244ኤ ኮድ አውጥቶ ጉልበት ይቀንሳል። ሶፍትዌሩ ካልተነካ ማቃጠያውን ናፍጣ መርጨቱን አያቆምም፤ የሚቃጠል ነገር ግን የለም፣ ናፍጣው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሶፍትዌሩ ከተነካ ደግሞ የሚጫነው ፋይል ለዚያው ሞተር ካልሆነ የኢንጀክተርና የቱርቦ ልኩን ያዛባል። ከሁሉ በላይ ግን መጀመሪያ ጥቀርሻ ያመረተው ኢጂአር፣ ኢንጀክተር ወይም የተቀደደ ቱቦ እዚያው ነው፤ የተጣለው ደወሉ ብቻ ነው።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን፤ አዲስ ፊልትሮ ውድ ነው፣ ቶሎም አይገኝም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ያሉትን መኪኖች ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል። ያም ቢሆን የሚያስተምረን ያለውን ፊልትሮ ማዳንን ነው፣ መጣልን አይደለም።

ቀድሞ ያስቆረጠ ባለመኪና ካለ የሚከተለውን ያድርግ። የወጣው ፊልትሮ ውስጡ ካልተፈለፈለ ለቁራሌው አይስጠው፤ መልሶ በብየዳ መግጠም ይቻላል፣ ውስጡም ፕላቲኒየም ስላለበት ነው ገዢ የሚፈልገው። ሶፍትዌሩ ተነክቶ ከሆነ ሠሪውን የመጀመሪያውን ፋይል ጠይቆ በፍላሽ ያስቀምጥ። መልሶ እስኪያስገጥም ድረስ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ፣ ሜዳ ላይ አቁሞ የዘይቱን ልክ ይመልከት፤ ከፍ እያለ ከሄደ ማቃጠያው አሁንም እየረጨ ነውና ዘይቱን ቀይሮ ያንኑ ቀን ስካነር ያስገባ።